ሽጉጥ ይዞ ፖቶማክን መሻገር፦ የረዳን ሱቅ፣ ያልረዳን ጫኝ እና የብረቱ ሳጥን

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙ ዓመት ኖረን በ2024 ሰመር ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ገባን። ሁለቱን የሚለያያቸው አንድ ወንዝ ነው፤ ፖቶማክ። ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለማኅበር ስንሻገረው የኖርነው ወንዝ። ብዙ ሐበሻም እንደ እኛ ከዚህ ወዲያ፣ ከወዲያ ወዲህ ሲዛወር ይኖራል። አንዱ ለቤት ዋጋ፣ አንዱ ለልጆች ትምህርት ቤት፣ አንዱ ለሥራ። ቤቱ ውስጥ መሳሪያ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ማዶ ማንም የማይጠይቃችሁ ነገር እዚህ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ከመሻገራችሁ በፊት ይህን የሚነግራችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል። እኛ እንዲህ ዓይነት ሰው አገኘን፤ አንድ የመሳሪያ ሱቅ ባለቤት። ይህን የምጽፈው ለእሳቸውና ለሱቃቸው ነው፤ በመንገዳችን ላይ ስለገጠሙን ሌሎችም እግረ መንገዴን እናገራለሁ።

መጀመሪያ እኛ ማን እንደሆንን። እኔ ነርስ ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው ሌሊት ነው። ባለቤቴ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ትንሽ ግሮሰሪ ነበረው። ሽጉጥ ደግነውበት ዘርፈውት ያውቃሉ። መሳሪያ ቤታችን የገባው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ግሎክ 19 ሽጉጥ አለኝ። እሱ የራሱ ሽጉጥና ኤአር-15 ዓይነት ጠመንጃ ነበረው፤ ሽጉጡን ደብቆ ለመያዝ የሚያስችለውን የቨርጂኒያ ፈቃድም አውጥቶ ነበር። ቤቱ ውስጥ የ8 ዓመት ሴት ልጅና ጎረምሳ ወንድ ልጅ አሉን። ታናሽ ወንድሜ ግሪን ካርድ ይዞ አብሮን ይኖራል። እናቴም ከደብረ ማርቆስ መጥታ ከእኛ ጋር ናት። እንግዲህ መሳሪያው የሚዛወረው ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር ነው።

እቃ የሚጭንልን ስንፈልግ በሰው በሰው አንድ የሐበሻ ጫኝ አገኘን። ዋጋው ጥሩ ነበር፤ ልጁም ተግባቢ ነው። ቤታችንን መጥቶ አየ፣ ሶፋውን ለካ፣ የእናቴን የቡና ረከቦት እንኳ ለብቻው እንደሚጠቀልል ነገረን። መሳሪያ እንዳለን ስነግረው ግን፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ከብርድ ልብሱ ጋር ጠቅልለሽ ካርቶን ውስጥ ክተቺው። ማን ያያል?» አለኝ። ጥይቱስ ስለው፣ «እሱንም» አለ።

ክፉ አስቦ አይደለም። ግን ይህ ምክር ሰው ያሳስራል። የፌደራል ሕግ ከአንድ ስቴት ወደ ሌላው እቃ ለሚያጓጉዝ ድርጅት መሳሪያ ስታስረክቡ በጽሑፍ እንድታሳውቁ ያስገድዳል። ደብቃችሁ ከጫናችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው። የጭነት መኪናው ቢዘረፍ ወይም አንድ ካርቶን ቢጠፋስ? የእኛ መለያ ቁጥር ያለበት ሽጉጥ ማን እጅ እንደገባ ሳናውቅ ልንኖር ነው። ስለዚህ ተውነው። ሌላ ድርጅት ያዝን፤ በዋጋ ይበልጣል። እነሱ ውሉ ላይ በግልጽ ጽፈውታል፦ መሳሪያ አንጭንም፣ ጥይት አንጭንም፣ የጋዝ ሲሊንደር አንጭንም። ደስ አለኝ። የማይሠሩትን ቀድመው የሚነግሩ ሰዎች የሚሠሩትንም በአግባቡ ይሠራሉ ብዬ አመንኩ፤ እቃችንም ሳይሰበር ገባ።

እንግዲህ መሳሪያውን በራሳችን መኪና ልናመጣው ነው። እንዴት እንደሆነ ለመጠየቅ ነው ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ የመሳሪያ ሱቅ የደወልኩት። የሱቁን ስም እዚህ አልጽፍም። ባለቤቱ ስማቸው ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ አይፈልጉም፤ ይህን ፈቃዳቸውን አከብራለሁ። በዕድሜ የገፉ አሜሪካዊ ናቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ሰውን አያጣድፉም።

ስደውል የጠበቅሁት «አዎ ይቻላል» ወይም «አይቻልም» የሚል መልስ ነበር። እሳቸው ግን ጥያቄ ጀመሩ። ከየት ነው የምትመጡት? ምን ምን አላችሁ? በማን ስም ነው የተገዛው? ቤት ውስጥ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አለ? ሌላ ትልቅ ሰውስ? ሁሉም ዜጋ ናቸው? በየትኛው መንገድ ነው የምትመጡት? ስንት የሽያጭ ሠራተኛ አይቻለሁ፤ እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሐኪም ቤት ውስጥ በሽተኛ ስንቀበል ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ እንጠይቃለን። የእሳቸውም አጠያየቅ ልክ እንደዚያ ነበር።

ትልቁ ጉዳይ የባለቤቴ ጠመንጃ ሆነ። ሜሪላንድ በ2013 ያወጣችው ሕግ አሶልት ዌፐን (የጦር ሜዳ መሰል መሳሪያ) ብላ የዘረዘረቻቸውን መሳሪያዎች ወደ ግዛቷ ማስገባትን ይከለክላል። ከኦክቶበር 1፣ 2013 በፊት እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ በሕግ የያዘ ሰው ይዞ ይቆያል እንጂ ከውጭ አዲስ የሚገባ የለም። በዚያው በ2024 ኦገስት ላይ ሪችመንድ ያለው የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሕጉን አጽንቶታል። በ2025 ጁን ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም ብሏል። አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፤ ኤች ባር የሚባለው፣ በርሜሉ ወፍራምና ከባድ የሆነው የኤአር-15 ዓይነት ከክልከላው ውጪ ነው። ሰውዬው ይህንንም አላለፉትም። ባለቤቴን ስልክ ላይ አቅርበው ጠመንጃው ላይ የተቀረጸውን ፊደል በፊደል አስነበቡት። የእኛው ቀጭን በርሜል ነው። «ይህን ይዘህ ድልድዩን እንዳታልፍ» አሉት።

ባለቤቴ አዘነ። ገንዘብ አውጥቶበታል፤ ይወደውም ነበር። መጀመሪያ ያሰበው ዉድብሪጅ ላለው የአጎቱ ልጅ ዝም ብሎ ሊሸጥለት ነው። ይህን የሚያስብ ሐበሻ ብዙ ስለሆነ ልብ በሉ። ከጁላይ 1፣ 2020 ጀምሮ የሠራው የቨርጂኒያ ሕግ፣ እኛ በ2024 ስንዛወር፣ ግለሰብ ለግለሰብ መሳሪያ ሲሸጥ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል የገዢው ማንነት እንዲጣራ ያስገድድ ነበር። እኛ ከተዛወርን በኋላ ቢሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የሜሪላንድ ነዋሪ ለቨርጂኒያ ነዋሪ መሳሪያ በእጁ መስጠት በፌደራል ሕግ አይችልም፤ ፈቃድ ያለው ነጋዴ መሃል መግባት አለበት። ሰውዬው ይህን ሁሉ አስረዱትና ሳንዛወር፣ እዚያው ቨርጂኒያ ለሚገኝ ነጋዴ እንዲሸጠው መከሩት። ሸጠው። ከገዛበት ዋጋ በታች ነው፤ ግን ቤታችን በሰላም ገባን።

አስተውሉ፤ ከዚህ ሁሉ ንግግር ሱቁ ሳንቲም አላገኘም። ጠመንጃውን እሳቸው አልገዙትም። ምክሩንም በነፃ ነው የሰጡን።

ቀጥሎ የሽጉጦቹ ጉዳይ መጣ። የእኔ ግሎክ ሲገዛ አብሮት የመጣው ካዝና (ጥይት የሚሞላበት መያዣ) 15 ጥይት ይይዛል። ሜሪላንድ ውስጥ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥ፣ መግዛት፣ መቀበልም ሆነ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ክልክል ነው። እኔ ይህን ሰምቼ ስለነበር ባለ 10 ካዝና እንዲሸጡልኝ ጠየቅኋቸው። ቶሎ ብለው መሸጥ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን፣ የሜሪላንድ ሕግ ቀድሞ የራስ የሆነውን ይዞ መቆየትን እንደማይከለክል፣ እዚህ ከገባሁ በኋላ ለማንም መስጠትም ሆነ መሸጥ እንደማልችል አስረዱኝና «አስቢበት፤ አትቸኩዪ» አሉኝ። በኋላ ባለ 10 ገዛሁ፤ አሮጌዎቹን ቨርጂኒያ ተውኳቸው። ውሳኔው ግን የኔ ነበር። ለገንዘብ ብሎ የማያስፈራራ ነጋዴ በዚህ ሥራ ላይ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ መንገዱ የነገሩኝን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመጣ ጂፒኤስ ብዙ ጊዜ በአውራ ጎዳና 395 አድርጎ ዲሲ ውስጥ ያስገባል። ዲሲ ደግሞ መሳሪያ በፖሊስ እንዲመዘገብ ትጠይቃለች፤ የቨርጂኒያም የሜሪላንድም ፈቃድ እዚያ አይሠራም። በ1986 የወጣ የፌደራል ሕግ መንገደኛን ይጠብቃል። መሳሪያው በመነሻውም በመድረሻውም ሕጋዊ ከሆነ፣ ጥይት ካልጎረሰ፣ መሳሪያውም ጥይቱም ከተሳፋሪው እጅ የራቀ ከሆነ ማለፍ ይፈቀዳል። ትራንክ የሌለው መኪና ከሆነ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ መሆን አለበት፤ ፊት ለፊት ያለው የእቃ ኪስ አይቆጠርም። ሕጉ ይኑር እንጂ መንገድ ዳር ከፖሊስ ጋር ለመከራከር ምን አስፈለገኝ? ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠዋል።

ሰውዬው ቤልትዌዩን (ዲሲን የሚዞረውን ቀለበት መንገድ) ይዘን በአሜሪካን ሌጅን ድልድይ በኩል እንድንመጣ ነገሩን። ዉድሮው ዊልሰን ድልድይስ ብላቸው፣ መሃሉ ላይ የዲሲን ደቡብ ጫፍ ቆርጦ እንደሚያልፍ ነገሩኝ። ስንት ዓመት ተመላልሼበት ይህን አላውቅም ነበር። በአሜሪካን ሌጅን በኩል ግን ከቨርጂኒያ በቀጥታ ሜሪላንድ ነው የሚገባው። በዚያ መጣን። ሽጉጦቹ ባዶ ሆነው ሳጥናቸው ውስጥ ተቆልፈው ትራንክ ውስጥ፣ ጥይቱ በሌላ ሳጥን ለብቻው። የትም ሳንቆም ቤት ገባን። ሜሪላንድ ውስጥ ይዞ የመዘዋወር ፈቃድ የሌለው ሰው ሽጉጥ በመኪና የሚያጓጉዘው ለተወሰነ ምክንያት ብቻ ነው፤ ከቤት ወደ ቤት መዛወር አንዱ ነው፤ ያልጎረሰና መያዣው ውስጥ የተዘጋ መሆን አለበት። ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ የመኪናው ኪስ ውስጥ ዘግቶ መሄድ የለመደ ሰው ይህን ልማዱን እዚያው ጥሎ ይምጣ።

እዚህ ላይ የወንድሜን ነገር ላንሳ። ሰውዬው «ሁሉም ዜጋ ናቸው?» ብለው ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ምክንያቱን ሲነግሩኝ ግን አመሰገንኳቸው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሳሪያ መያዝ አይከለከልም። ነገር ግን የኢሚግሬሽን ሕጉ ከመሳሪያ ጋር በተያያዘ ወንጀል የተፈረደበትን ዜጋ ያልሆነ ሰው ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። በሕገ ወጥ መንገድ መያዝ ወይም ይዞ መዘዋወርም ከዚያ ውስጥ ነው። አስቡት፤ ወንድሜ መኪናዬን ተውሶ ይወጣል። ሽጉጡ ውስጥ ተረስቶ ቢገኝ፣ እኔ ዜጋ ስለሆንኩ ቅጣት ከፍዬ ልወጣ እችል ይሆናል፤ እሱ ግን የአሜሪካ ኑሮው ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። ቤታችሁ ግሪን ካርድ ያለው ወንድም፣ እህት፣ እናት ካለ ይህን እራት ላይ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። እኛ ተነጋገርን። አሁን ሽጉጥ በመኪናችን የሚሄደው ወደ ተኩስ መለማመጃ ስንሄድና ስንመለስ ብቻ ነው። እሁድ ዲሲ ወዳለችው ቅድስት ማርያም ስንሄድ ቤት ይቀራል።

ከገባን በኋላ ወደ ሱቁ በአካል ሄድን። አዲስ ነዋሪ ሽጉጡን በ90 ቀን ውስጥ በሜሪላንድ ስቴት ፖሊስ ማስመዝገብ አለበት። ሱቁ እንዲያስመዘግብልን ልንከፍላቸው ተዘጋጅተን ነበር። «ይህን ራሳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ለእኔ ገንዘብ አትስጡ» አሉን። የሚሞላው በስቴት ፖሊሱ ድረ ገጽ ነው። የሽጉጡ ሠሪ፣ ሞዴል፣ የጥይቱ መጠንና መለያ ቁጥር ይጠየቃል። ክፍያው 15 ዶላር ነው፤ አንድ ሰው ያለው ሽጉጥ ቢበዛም 15 ዶላሩ ያው ነው። እኔም ባለቤቴም በየስማችን ሞላን። ከዚያ በፊት ግን የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ አወጣን፤ ለእሱ ደግሞ አዲስ ነዋሪ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያዙት፤ ሥራው ይቀልላችኋል።

ብዙ ሰው ይዞት የሚመጣውን ሽጉጥ ማስመዝገብን እዚህ አዲስ ከመግዛት ጋር ያምታታል። ላመጣነው ኤችኪውኤል የሚባለው ፈቃድ አያስፈልገንም። ሜሪላንድ ውስጥ አዲስ ሽጉጥ ለመግዛት ግን እሱ የግድ ነው፤ የ4 ሰዓት ሥልጠና፣ የጣት አሻራና 50 ዶላር ይጠይቃል። ከዚያም በላይ ስትገዙ 7 ቀን ትጠብቃላችሁ። ሽጉጥ ሲገዛ ስለሚሞላው የፌደራል ፎርም አንድ ነገር ልጨምር። ፎርሙ የተከለከለ አደንዛዥ ነገር ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሜሪላንድ ማሪዋና ከጁላይ 2023 ጀምሮ ለአዋቂ ፈቅዳለች፤ ፎርሙ ግን ስቴቱ ቢፈቅድም በፌደራል ሕግ ክልክል መሆኑን ይናገራል። ለእኛ ሰው ደግሞ ጫት አለ። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ ከአንደኛው መደብ ክልክል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኞቹን ሰብስቦ የሚቅም ሰው ያንን ጥያቄ በደንብ ያንብበው። በፎርሙ ላይ የሚሰጥ የሐሰት መልስ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

የባለቤቴ የቨርጂኒያ ፈቃድ እዚህ ዋጋ የለውም። ሜሪላንድ የሌላ ስቴት ፈቃድ አትቀበልም። ስለዚህ የሜሪላንድን ይዞ የመዘዋወር ፈቃድ ለማውጣት የ16 ሰዓት ሥልጠናውን እዚያው ሱቅ ወሰደ፤ እኔም አብሬው ገባሁ። ለስቴቱ የሚከፈለው ማመልከቻ ብቻ 125 ዶላር ነው፤ ሥልጠናው ከዚያ ውጪ ነው። ሱቁ ካየኋቸው ሌሎች ይልቅ ለሥልጠናው የበለጠ ያስከፍላል። እኔ ግን አልቆጨኝም። አሠልጣኟ ሴት ናት፤ ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ሰው ነው የምታስገባው። መሳሪያ መምዘዝ ሳይሆን መሳሪያ ሳይመዘዝ ጠብ እንዴት እንደሚበርድ ነው ረጅም ሰዓት የሰጠችው። የት የት ይዞ መግባት እንደማይቻል አንድ በአንድ አስረዳችን፤ ሕጉ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ጠብቋል። አንድ የኤልሳልቫዶር ሰውዬ እንግሊዝኛው ሲቸግረው ሳትሰለች ደግማ ደጋግማ ነገረችው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ቢቀመጡበት የማያፍሩበት ክፍል ነው።

ተኩሱ ላይ 25 ጥይት ይተኮሳል፤ ቢያንስ 70 በመቶው ዒላማውን መምታት አለበት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጠገቤ ቆማ፣ ትንፋሼን እንዴት እንደምይዝና ቃታውን በዝግታ እንዴት እንደምስብ አሳየችኝ። አለፍኩ።

አሁን ወደ ሳጥኑ። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1፣ 2023 ጀምሮ የምትሠራበት የጄይሊን ሕግ የሚባል አለ። በ2018 ግሬት ሚልስ ሃይስኩል ውስጥ አንድ ተማሪ በቤቱ ባገኘው የአባቱ ሽጉጥ በተኮሰባት በጄይሊን ዊሊ ስም የተሰየመ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ መሳሪያ ማስቀመጥ ያስጠይቃል። እኔ ሕጉ ባይኖርም የማደርገው ነው። ሐኪም ቤት ውስጥ ያየሁትን ስላየሁ።

ቨርጂኒያ እያለን በጣት አሻራ የሚከፈት ርካሽ ሳጥን ነበረን፤ ኢንተርኔት ላይ የተገዛ። ስለ እሱ ስነግራቸው ሰውዬው ባዶውን ይዤው እንድመጣና በልጆቹ ጣት እንድሞክረው ጠየቁኝ። ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ልጄ ጣቷን አስቀመጠች፤ ተከፈተ። ደሜ ቀዘቀዘ። የአንዳንዶቹ ችግር ይህ ነው፤ አሻራው በትክክል ካልተመዘገበ ማንኛውንም ጣት ይቀበላሉ። በኦክቶበር 2023 የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን 61,000 የሚሆኑ የአሻራ ሳጥኖች በዚሁ ችግር ከገበያ እንዲመለሱ አድርጓል፤ የ12 ዓመት ልጅ ሞቶበታል። ቤታችሁ እንዲህ ዓይነት ሳጥን ካለ ዛሬ፣ መሳሪያውን አውጥታችሁ፣ በቤቱ ሰው ሁሉ ጣት ሞክሩት።

ከሱቁ የገዛነው ባትሪ የሌለው ነው። ወፍራም ብረት፣ በላዩ አምስት ቁልፎች አሉት፤ በምትመርጡት ቅደም ተከተል ስትጫኑ ይከፈታል። ሁለት ቁልፎችን አንድ ላይ መጫንም ይቻላል፤ ስለዚህ ልጅ አይቶ በቀላሉ አይዝም። ዋጋው ከ200 ዶላር በላይ ነው። ከባድ ነው፤ ለእኔ አንስቶ መውሰድ ያስቸግራል። ቁልፎቹ ሲጫኑ ድምፅ አላቸው፤ ሌሊት ጸጥ ባለ ቤት ይሰማል። ጨለማ ውስጥ ግን በዳሰሳ ይከፈታል፤ ባትሪ አለቀ የሚባል ነገር የለም። ከታች በብሎን ከቁም ሳጥኑ ጋር አስረነዋል። መኪና ላይ ለመጓጓዣም በብረት ገመድ ይታሰራል። እኔ በዚህ ሳጥን ፍጹም ረክቻለሁ።

እናቴ በጣም ገረማት። ጎጃም፣ አባቷ ቤት፣ ምንሽሩ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ፣ እንግዳ ሁሉ እያየው ነው ያደገችው። «መሳሪያ እስረኛ ነው እንዴ?» አለችኝ። ቁጭ ብዬ የሆነውን ሁሉ፣ የልጄን ጣት ጭምር፣ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እንዲያ ከሆነ አጥብቀሽ ቆልፊው፤ ለእኔም ቁጥሩን አትንገሪኝ» አለች። አልነገርኳትም። ቁጥሩን የምናውቀው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን።

ሱቁ ጉድለት አለበት፤ ፍትሐዊ ልሁን። ጠባብ ነው። መኪና ማቆሚያው ለጥቂት መኪና ነው፤ ከጎኑ ያለው የመኪና ጋራዥ ስለሚሻማው አንዳንዴ ዞሮ መንገድ ላይ ማቆም ግድ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ስልክ አያነሱም፤ መልእክት ትታችሁ በማግሥቱ ነው የሚደውሉት። እቃቸው ከትልልቆቹ ሱቆች ይወደዳል፤ ጥይት በተለይ። ርካሽ ጥይት ለሚፈልግ እዚያ ይሂድ አልልም። ምክር፣ ሥልጠናና ሳጥን ለሚፈልግ ግን ያለ ማመንታት እልካለሁ።

አንድ ሌላ ነገር። እኔ የጻፍኩት በ2024 እኛ ስንዛወር የነበረውን ነው። የመሳሪያ ሕግ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በሁለቱም ማዶ። ከመዛወራችሁ በፊት የስቴት ፖሊሱን ድረ ገጽ ራሳችሁ አንብቡ። ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ ደግሞ አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ፤ የአንድ ሰዓት ክፍያ ነው።

የሱቁን ስም የሚፈልግ በግል ይጻፍልኝ፤ እነግረዋለሁ። ስትሄዱ ቅዳሜ አትሂዱ፤ ሰው ይበዛል፣ እሳቸውም እንደ ልብ አያወሩም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት፣ ሱቁ እንደተከፈተ ሂዱ። ያላችሁን መሳሪያ ዓይነትና መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፤ መሳሪያውን ቤት ተዉት።